የሚጮህ ማሽን ሁሉ ኦክስጅን አይሰጥም

በአገራችን አንድ የሕክምና መሣሪያ ዜና የሚሆነው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ሲመጣ ነው። ባለሥልጣናት ይሰለፋሉ፣ ለጋሹ ይመሰገናል፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ዓርማ ወደ ካሜራው ይዞራል። ሁለተኛው ደግሞ ከተበላሸ በኋላ ነው። ይህን ያህል ብር የወጣበት መሣሪያ ያለ አገልግሎት ተቀምጦ ተገኘ ተብሎ በኦዲት ሪፖርት ላይ ይነበባል። በሁለቱ ዜናዎች መካከል ያሉት ዓመታት ግን ወሬ የላቸውም። ማጣሪያውን ማን አጠበው? መለዋወጫው ከየት መጣ? ቴክኒሽያኑ መቼ አየው? እነዚህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛም ሆነ የምክር ቤት አባል ብዙ አይታይም። የዛሬው ጽሑፍ ስለነዚያ ወሬ አልባ ዓመታት ነው።

ለማሳያ የመረጥኩት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተርን ነው። የሕግ ሰው ስለ ኮምፕሬሰርና ስለ ማጣሪያ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁንና በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ወይም በሕዝብ ስም የተቀበልነው መሣሪያ ሥራውን ሳይሠራ ሲቀርና በዚያ ምክንያት ሰው ሲሞት፣ ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የኃላፊነት ጉዳይ ይሆናል። የኃላፊነትን ጉዳይ በቅጡ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሞት ማወቅ ያስፈልጋል።

ኦክስጅን መድኃኒት ነው

ብዙዎቻችን ኦክስጅንን የምናስበው ለሞት ለተቃረበ ሰው እንደሚሰጥ የመጨረሻ ነገር አድርገን ነው። ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው። ኦክስጅን ልክ እንደ አንቲባዮቲክ መጠን ተወስኖለት፣ በትእዛዝ የሚሰጥና ውጤቱ እየተለካ የሚቀጥል መድኃኒት ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ፣ በወሊድ ጊዜ የተወሳሰበ ችግር የገጠማት እናት፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሕመምተኛ፣ አስም የበረታበት ሰው ሁሉም ይህ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ኦክስጅንን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ከማደንዘዣ ጋር የሚሰጥ ጋዝ አድርጎ ይዞት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የደም ኦክስጅን ማነስን ለማከም የሚያገለግል መድኃኒት መሆኑን ለይቶ አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ የሕክምና ኦክስጅን አቅርቦት እንዲሰፋ ውሳኔ አሳልፏል።

በእኛ አገርም ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር አቅርቦትን ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር። ይህ ኮቪድ-19 ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ኦክስጅን የሚለው ቃል ከሐኪሞች አልፎ በየቤቱ ገባ። በዚያን ጊዜ ወደ ታዳጊ አገሮች ከገቡት መሣሪያዎች አንዱ ኮንሰንትሬተር ነው። ወረርሽኙ ሲያልፍ የቀረው ጥያቄ ማሽኖቹ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው የሚለው ነው።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ኮንሰንትሬተር መጠኑ ትንሽ ሻንጣ የሚያክል፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ሣጥን ነው። ኦክስጅን አይፈጥርም፣ አያጠራቅምም። የሚያደርገው የምንተነፍሰውን አየር ማበጠር ነው። በዙሪያችን ያለው አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን፣ አንድ በመቶ ገደማ ደግሞ በአብዛኛው አርጎን ነው። ማሽኑ አየሩን ስቦ በማጣሪያ ያሳልፈዋል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀውና ዚዮላይት በሚባል ማዕድን የተሞላ ቱቦ ውስጥ ያስገባዋል። ዚዮላይት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት እንክብል ሲሆን፣ ግፊት ሲበዛበት ናይትሮጅንን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ የያዘውን ናይትሮጅን ይለቃል።

እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ናይትሮጅን ሲይዝ ሌላው ይለቃል፤ በየጥቂት ሴኮንዱ በቫልቭ አማካይነት ይፈራረቃሉ። ከማሽኑ የሚሰማው የማያቋርጥ የመተንፈስ ዓይነት ድምፅ ይኸው ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ጋዝ ማሽኑ ጤነኛ ሲሆን እስከ 95 ወይም 96 በመቶ ኦክስጅን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ የማይሄደው አርጎኑ ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የቴክኒክ መስፈርት መሠረት ንጽሕናው ከ82 በመቶ መውረድ የለበትም። ይህን 82 የሚለውን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የዚህ ማሽን ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። በየሆስፒታሉ የምናየው ትልቁ ሲሊንደር 40 ሊትር የሚይዝና በ150 ባር ግፊት የተሞላ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ነው። በደቂቃ አምስት ሊትር ቢወጣ በ20 ሰዓት ያልቃል። አምስት ሊትር የሚሰጥ ኮንሰንትሬተር ግን ሌሊትና ቀን ቢሠራ በ24 ሰዓት 7,200 ሊትር ያመርታል። ማለትም አንድ ሣጥን በየቀኑ ከአንድ ትልቅ ሲሊንደር በላይ ይተካል። መኪና፣ መሙያ ጣቢያና ጥሩ መንገድ አይፈልግም። ከዋናው መንገድ ርቆ ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ መብራትና ጥገና።

ማሽኑ እንዴት ይሞታል?

ኮንሰንትሬተር በመጀመሪያ የተስፋፋው በሀብታም አገሮች ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዲጠቀሙበት ነው። አንድ ሕመምተኛ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ንጹሕ ክፍል፣ የማይዋዥቅ መብራት፣ ስልክ ሲደወልለት የሚመጣ ቴክኒሽያን ታስቦለት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ይህን ማሽን ወስደን የሕፃናት ክፍል ውስጥ እናቆመዋለን። በመስኮቱ አቧራ ይገባል። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ማሽኑ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው እየዞረ ዓመት ሙሉ አያርፍም።

ዓመት ሙሉ አያርፍም ማለት ምን ማለት ነው? ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። መኪና ይህን ያህል ሰዓት በአማካይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትሄድ 350 ሺሕ ኪሎ ሜትር ትጨርሳለች። ከአንባቢዎቼ መካከል ይህን ያህል መንገድ ዘይት ሳይቀይር፣ የአየር ማጣሪያ ሳያጸዳ መኪናውን የሚነዳ ያለ አይመስለኝም። በየአምስት ሺሕ ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ የምናስገባ ሰዎች፣ የሕፃን ትንፋሽ የያዘ ማሽን እስኪቆም ድረስ እንዲሠራ መጠበቃችን የሚያስገርም ነው።

የመጀመሪያው ጠላት አቧራ ነው። የውጪው ማጣሪያ ስፖንጅ ነው፤ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አቧራ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ከዚያ በላይ መደረግ ያለበት ሥራ ነው። ነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ካልተደረገ ግን አየር በበቂ አይገባም፣ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ማሽኑን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ወይም መጋረጃ ሥር ማቆምም ውጤቱ ያው ነው። በዙሪያው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ዚዮላይት ከናይትሮጅን ይልቅ ውኃን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዴ ከያዘው ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። በውኃ የተሞላ ዚዮላይት ለናይትሮጅን ቦታ የለውም። ስለዚህ እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃትና እርጥበታማ ቦታ ያለ ማሽን ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሳይሠራ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ማሽንም ያረጃል። ዚዮላይቱ ቀስ በቀስ እርጥበት ይስባልና፣ መጠባበቂያ ተብሎ የተቀመጠ ኮንሰንትሬተር በየጊዜው እየተነሣ ሊሠራ ይገባዋል። “ለክፉ ቀን ይሁነን” ብለን የቆለፍንበት መሣሪያ ክፉው ቀን ሲመጣ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የማሽኑን ካርድ ያቃጥላል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ስታቢላይዘር ማድረግ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን አጥፍቶ መንቀል፣ መብራቱ ተመልሶ ሲረጋጋ ማስነሣት። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ሙሉ ንጽሕናው ላይ ለመድረስ ደቂቃዎች ይወስድበታልና በዚህ መሀል ሕመምተኛው በሲሊንደር መቆየት አለበት። ኮንሰንትሬተር ባለበት ክፍል ሁሉ የተሞላ ሲሊንደር መኖር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው የእኛው የአገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ አምስት ሊትር በጥሩ ንጽሕና የሚሰጥ ማሽን ደብረ ብርሃን ላይ ያንኑ ላይሰጥ ይችላል። በመመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ተጽፎአል። ማሽን ሲገዛ ይህን መስመር ማንበብ ያስፈልጋል።

ከመጨረሻው ችግር ጋር በተያያዘ በውጭ ላሉ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለትውልድ አካባቢያቸው ሆስፒታል መሣሪያ ገዝተው ሲልኩ የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራሉ። ነገር ግን የአሜሪካ ገበያ ማሽን በአብዛኛው በ115 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። “ትራንስፎርመር እናደርግለታለን” የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በዚህም የተነሣ የኮምፕሬሰሩ ሞተር ከታሰበለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ የሚጨምቀው አየር ያንሳል፣ ማሽኑም ይግላል። በማሽኑ ጀርባ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ከመግዛት በፊት ማንበብ ብዙ ገንዘብና ብዙ ልፋት ያድናል።

ፍሎሜትሩ የማይናገረው

እስካሁን የተናገርኩት ማሽኑ ስለሚቆምበት ነው። ከመቆሙ የሚብሰው ግን ሳይቆም መበላሸቱ ነው።

በማሽኑ ፊት ላይ ኳስ ያለበት የመስታወት ቱቦ አለ፤ ፍሎሜትር ይባላል። ሐኪሙ “ሁለት ሊትር” ሲል ነርሷ ኳሱን ሁለት ላይ ታደርጋለች። ፍሎሜትሩ ግን ስንት ሊትር እንደሚወጣ እንጂ ምን እንደሚወጣ አይናገርም። ዚዮላይቱ ያለቀበት፣ ቫልቩ የሚያፈስ ወይም ኮምፕሬሰሩ የደከመ ማሽን ኳሱን ሁለት ላይ አቁሞ፣ ድምፁን እያሰማ፣ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ 50 በመቶ ኦክስጅን ሊሰጥ ይችላል። ከናካቴው ሲያረጅ ደግሞ የሚሰጠው በመስኮት ከሚገባው አየር ብዙም የማይለይ ይሆናል። ከ82 በመቶ ሲወርድ የሚያስጠነቅቅ ሴንሰር ያላቸው ማሽኖች አሉ፤ የሌላቸውም አሉ። ሴንሰር ያላቸውም ቢሆኑ ጩኸቱ ሲያስቸግር የሚዘጋበት ጊዜ አይጠፋም።

ከዚያ ምን ይሆናል? የሕፃኑ ጣት ላይ ያለው ፐልስ ኦክሲሜትር ከ90 በታች ያሳያል። ኦክስጅን ተደርጎለታል፣ ቁጥሩ ግን አይነሣም። በሥራ የተጨናነቀ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው በሽታውን ነው፤ “ምቹ በርትቶበታል” ይላል። መጠኑን ይጨምራል። ማሽኑ ከአቅሙ በላይ እንዲሰጥ ሲገደድ ደግሞ ንጽሕናው የባሰ ይወርዳል። ማሽኑ የገደለውን በሽታው ገደለው ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ቤተሰብ አያውቅም፣ ሆስፒታሉም አያውቅም፣ የሚከሰስም የለም። የቆመ ማሽን ቢያንስ አያታልልም፤ ሰው ሲሊንደር ፍለጋ ይሮጣል ወይም ሕመምተኛውን ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልካል።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የኦክስጅን መለኪያ በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ቴክኒሽያኑ የማሽኑን መውጫ ከመለኪያው ጋር ያገናኛል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ይጽፋል። አንድ መለኪያ በአንድ ሆስፒታል ያሉትን ማሽኖች ሁሉ ይዳኛል። እኔ ብጠየቅ በየሦስት ወሩ ያልተለካ ኮንሰንትሬተር ሕመምተኛ አጠገብ አይቁም እላለሁ። የቱቦ መፍሰስን ለማወቅ ደግሞ መለኪያም አያስፈልግም። የካኑላውን ጫፍ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መኖሩን ማየት በቂ ነው፤ አረፋ ከሌለ ከማሽኑ እስከ አፍንጫ ባለው መንገድ ላይ የላላ ነገር አለ።

የሚጠገነው ብዙ ነው

“ቴክኖሎጂው ከአቅማችን በላይ ነው” የሚለው አባባል እንደ ምክንያት ሲቀርብ እንሰማለን። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። ማልኪንና ኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በ11 አገሮች ካሉ 60 አቅመ ውሱን ሆስፒታሎች የቀረቡ 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን መርምረዋል። ሥራ ካቆሙት መሣሪያዎች ውስጥ 72 በመቶው ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳያስፈልግ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ከተጠገኑት ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ ችግራቸው የአተካከልና የተጠቃሚ ሥልጠና ጉዳይ ነበር። እኒሁ ማልኪን ከፔሪ ጋር በ2011 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በ16 አገሮች ከተቆጠሩ ከ112 ሺሕ በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው። ቆመው ከሚታዩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የቆሙት መጠገን ስለማይቻሉ ሳይሆን የሚጠግናቸው ስላልተመደበ ነው።

ኮንሰንትሬተርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚለወጡት ዕቃዎች የታወቁ ናቸው። የውስጥ ማጣሪያዎች፣ የኮምፕሬሰሩ ማኅተሞች፣ ቫልቮች፣ ቱቦዎች፣ ፊውዝ፣ የማስጠንቀቂያው ባትሪና በመጨረሻም ዚዮላይቱ ናቸው። የተማረ ሰውም አለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል መሐንዲሶችን ያስተምራሉ፤ ተግባረ ዕድን የመሰሉ የሙያ ተቋማትም ቴክኒሽያኖችን አሠልጥነዋል።

ትክክለኛው አደረጃጀት የሚያስገኘውን ውጤት ለማየት ፓፓዋ ኒው ጊኒን መመልከት ይቻላል። በዚያች አገር አምስት ሆስፒታሎች ኮንሰንትሬተርና ፐልስ ኦክሲሜትር ከሥልጠናና ከጥገና ጋር ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በላንሴት መጽሔት በታተመው ውጤት መሠረት በሳንባ ምች ከተያዙ ሕፃናት የሚሞቱት ከ4.97 በመቶ ወደ 3.22 በመቶ ወርደዋል፤ የሞት አደጋው በ35 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ማሽኑ፣ መለኪያውና የሚንከባከበው ሰው አንድ ላይ መቀመጣቸው ብቻ ነው ለውጡ።

ታዲያ ለምን አይጠገንም?

ከዚህ በኋላ ያለው ወደ እኔ ሙያ የቀረበ ነው። የመንግሥት ንብረት አያያዝ ሥርዓታችን መሣሪያ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይሞላለታል፣ በመጨረሻም በኮሚቴ ይወገዳል። ዕቃው መኖሩን በደንብ ይከታተላል። ዕቃው መሥራቱን የሚከታተል ቅጽ ግን ብዙውን ጊዜ የለም። ቆጠራ ሲመጣ አሥር ኮንሰንትሬተር ካለ አሥር ይጻፋል፤ ከአሥሩ ስንቱ ከ82 በመቶ በላይ ይሰጣል ተብሎ አይጠየቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼ ነው።

ሥርዓቱ ቴክኒሽያኑንም ያስፈራዋል። ሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች በተለያየ ምክንያት ተበላሽተው ቢቀመጡ፣ ከአንዱ ቫልቭ አውጥቶ ሌላውን ማስነሣት የጤነኛ ሰው ሐሳብ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ማሽን ገና አልተወገደም፤ በመዝገብ ላይ ሙሉ ንብረት ነው። የነካካው ሰው “ንብረት አጎደለ” ሊባል ይችላል። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ ደግሞ ማኅተሙን በመፍታቱ ይጠየቃል። ያልነካው ሰው ግን በምንም አይጠየቅም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብልህነት ይሆናል፤ ጥፋቱም የቴክኒሽያኑ ሳይሆን ደንቡን የጻፍነው የእኛ ነው።

ግዥውም ላይ ችግር አለ። ከአዋጅ ቁጥር 649/2001 ጀምሮ የፌዴራሉ የግዥ ሕግ ለሚወጣው ገንዘብ ተገቢው ዋጋ መገኘቱን እንደ መርሕ ያስቀምጣል፤ ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። መርሑ ግን በጨረታ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ “ዝቅተኛ ዋጋ” ወደሚል አጭር ትርጉም ይወርዳል። ርካሹ ማሽን መለዋወጫ ከሌለው፣ አቅራቢው ከርክክብ በኋላ ስልክ የማያነሣ ከሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ውድ ይሆናል። እርዳታ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ጨርሶ አይነሣም። “የተሰጠን ፈረስ ጥርሱ አይታይም” የሚሉ አሉ፤ የሕፃን ትንፋሽ የሚሸከም ፈረስ ግን ጥርሱ መታየት አለበት።

ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀትና አዲስ መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ ነገር አላቀርብም። አንደኛ፣ የጨረታ ሰነዶች ከማሽኑ ጋር የሁለት ዓመት ማጣሪያና ዋና ዋና መለዋወጫ፣ የጥገና መመሪያ፣ የኦክስጅን መለኪያና ለቴክኒሽያኑ ሥልጠና አብረው እንዲቀርቡ ያስገድዱ። ማሽኑ በሚተከልበት ቦታ ከፍታ፣ ሙቀትና ቮልቴጅ ላይ ንጽሕናው ተለክቶ ርክክብ ይፈጸም። እርዳታ ለሚሰጡም ይኸው ዝርዝር ይሰጣቸው፤ ቅን ለጋሽ አይቀየምም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ካርድ ይኑረው። በላዩ ላይ የሰዓት ቆጣሪው ንባብ፣ ማጣሪያው የታጠበበት ቀን፣ የተለካው ንጽሕናና የለካው ሰው ፊርማ ይስፈር። ሕመምተኛ ካርድ ካለው የሚያስተነፍሰው ማሽን ካርድ ቢኖረው አይበዛበትም። ከ82 በመቶ በታች ያሳየ ማሽን በዚያው ቀን ከክፍሉ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ጥገና የራሱ የበጀት መስመር ይኑረው። ማጣሪያ ለመግዛት ሦስት ፊርማና ሁለት ወር የሚጠብቅ ሆስፒታል ማሽን አለኝ ማለት አይችልም። አራተኛ፣ በግልጽ የጽሑፍ መመሪያ፣ በሁለት ኃላፊዎች ፊርማና በመዝገብ፣ ቴክኒሽያኑ ከተበላሸ ማሽን መለዋወጫ አውጥቶ እንዲጠቀም ይፈቀድለት። ይህ ሌብነትን አይከፍትም፤ እንዲያውም በመዝገብ የሚወጣ ዕቃ በጨለማ ከሚወጣው ይሻላል።

የኦክስጅን ማምረቻ ተክል ሲቋቋም ኮንሰንትሬተር አያስፈልግም የሚሉ ወገኖችም አሉ። ለትልቅ ሆስፒታል ተክሉ ተገቢ ነው። ከተክሉ ርቆ ላለው ጤና ጣቢያና አነስተኛ ሆስፒታል ግን ሣጥኑ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል። ደግሞም ብዙዎቹ የሆስፒታል ተክሎች የሚሠሩት በዚያው በዚዮላይትና በኮምፕሬሰር ነው። ትንሹን ማሽን መጠገን ያቃተው አሠራር ትልቁን ይጠግናል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። ሀብት መመደብ ማለት ግዥ ብቻ ነው የሚል ትርጉም በአንቀጹ ውስጥ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በሐኪሞቹና በረዳት ሠራተኞቹ ጥፋት በሕመምተኛ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ በፈጸመው ጥፋት የተጎዳ ሰው ከመንግሥት ካሣ ሊጠይቅ የሚችልበትን መንገድ ይከፍታል። ንጽሕናው ዓመት ሙሉ ያልተለካ ማሽን ሕመምተኛ አፍንጫ ላይ ማድረግ ጥፋት ነው አይደለም የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ቢደርስ እንደ ሕግ ባለሙያ ለመስማት የምጓጓለት ነው። ችግሩ አስቀድሜ እንዳልኩት ነው። የተለካ ነገር ከሌለ የሚቀርብ ማስረጃም የለም። መለካት የሕመምተኛውን ሕይወት ብቻ ሳይሆን ሥራውን በአግባቡ የሠራውን ባለሙያም ያድናል። የተፈረመበት ካርድ ከአንድ ጠበቃ ይበልጣል።

አንባቢዎቼ ብዙዎቹ የቦርድ አባላት፣ የግዥ ኃላፊዎች፣ የለጋሽ ድርጅት ሠራተኞች፣ ወይም ለአገር ቤት ሆስፒታል ገንዘብ የሚያዋጡ ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኦክስጅን ማሽን ወሬ ሲነሣ “ስንት ማሽን አላችሁ?” የሚለውን ጥያቄ ትተው “ባለፈው ወር ስንቱን ለካችሁ፣ ስንትስ አሳየ?” ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ራሱ ጥገና ይሆናል። ማጣሪያ ማጠብ ሪባን አይቆረጥለትም፣ ካሜራም አይመጣለትም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ግን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነበር።

ቸር እንሰንብት።